ቴሌቪዥን ከልጆች መኝታ እንዲወጣ፦ ደረጃ በደረጃ

ልጅ በሚተኛበት ክፍል ቴሌቪዥን ሊኖር አይገባም። ይህን የምለው ቴሌቪዥንን ጠልቼ አይደለም። በጥንቃቄ የተሠራ የልጆች ዝግጅት ምን ያህል እንደሚያስተምር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አሳይቶናል። ከዚያ በፊትም አባባ ተስፋዬ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ልጆች የሚከታተሏቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከታላቅና ከታናሽ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ልጆች ጋር ተኮልኩለው ነበር። ሳሎን ያለ ቴሌቪዥን የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ሰው ያልፋል፣ ሰው ይቀመጣል፣ «ምንድን ነው የምታየው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከአልጋ ፊት ለፊት የተሰቀለው ግን የልጁ ብቻ ይሆናል፤ ምን እንዳየ፣ ምን እንዳስፈራው፣ በስንት ሰዓት እንዳጠፋው የሚያውቅለት የለም።

የሕፃናት ሐኪሞች ይህን ማሳሰብ ከጀመሩ ቆይተዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ምክር የልጆች ክፍል ከቴሌቪዥን ነፃ እንዲሆን ጠይቆ ነበር፤ በ2016 ደግሞ መኝታ ቤትና የምግብ ሰዓት ከማንኛውም ስክሪን ነፃ እንዲሆኑ፣ ልጁ ሊተኛ አንድ ሰዓት ሲቀረውም ስክሪን ሁሉ እንዲጠፋ አሳሰበ። ሆኖም የካይዘር ቤተሰብ ፋውንዴሽን በዚያው አገር ከ8 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ አጥንቶ በ2010 ይፋ እንዳደረገው፣ 71 በመቶዎቹ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ነበራቸው። ወላጆቹ ምክሩን አልሰሙም ብዬ አላስብም። አንዴ ገብቶ የተሰቀለን ዕቃ ለማውጣት ግን ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ፣ መቼ እንደሚያወጡት፣ ባዶውን ሰዓት በምን እንደሚሞሉት ማወቅ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ የእንቅልፉን ሒሳብ ይሥሩ

ከሪሞቱ በፊት ሰዓቱን ይያዙ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ያስቀመጠው መጠን ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ለትንንሾቹ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ፤ 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው የቀኑ እንቅልፍ ተደምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ 1 እና 2 ዓመት የሆናቸው ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለባቸው።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያምጡ። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ በር ላይ የሚደርሰው ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ፣ ልጁ ታጥቦ፣ ለብሶና ቁርሱን በልቶ እንዲወጣ 12 ሰዓት ላይ መነሣት አለበት። የ7 ዓመት ልጅ 10 ሰዓት ይተኛ ብንል፣ ወደ ኋላ ሲቆጠር እንቅልፍ ሊወስደው የሚገባው ማታ 2 ሰዓት ነው። ስክሪኑ ደግሞ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ማለትም 1 ሰዓት ላይ መጥፋት ይኖርበታል።

ይህን ሒሳብ የሠራ ወላጅ ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ልጁ ተኝቶ መሆን ነበረበት። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ተከታታይ ድራማ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ዋና ጨዋታዎች በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ብቻውን ያገኘዋል፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውም እሱ ነው።

ለአንድ ሳምንት ያህል ልጁ በእርግጥ የሚተኛበትንና የሚነሣበትን ሰዓት ይመዝግቡ። የሚጻፈው አልጋ ላይ የወጣበት ሰዓት ሳይሆን እንቅልፍ የወሰደበት ሰዓት ነው፤ በመካከላቸው አንዳንዴ ሙሉ ሰዓት አለ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት የሚተኛ ልጅ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን በሳምንቱ ውስጥ የጎደለበትን እየከፈለ እንደሆነ ወረቀቱ ያሳያል። የትዳር ጓደኛን፣ አያትን፣ ልጁንም ለማሳመን ከውጭ ጥናት ይልቅ የገዛ ቤት ቁጥር እንደሚበልጥ አምናለሁ።

እንቅልፉ የሚዘገየው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ብርሃኑ ነው፤ ሲመሽ አካላችን ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን እሱ ነው። ደማቅ ብርሃን ግን ምርቱን ይቀንሰዋል፤ የልጅ ዓይን ደግሞ ከአዋቂው ይበልጥ ብርሃን ያስገባል። ሁለተኛው ያየው ነገር ነው። ስክሪኑ ቢጠፋም ማሳደዱ፣ ጩኸቱና ቀጣዩ ክፍል ላይ ምን ይፈጠር ይሆን የሚለው ጉጉት ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ የስክሪኑን ብርሃን ማደብዘዝ ብቻ ችግሩን አይፈታውም።

ስለ ትምህርት ውጤትም የሚነሣ ነገር አለ። በ2005 የታተመ፣ በሰሜናዊ ካሊፎርኒያ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ያላቸው ልጆች በሒሳብም፣ በንባብም፣ በቋንቋም ከሌላቸው ያነሰ ውጤት እንዳመጡ አግኝቷል። ውጤቱን የጣለው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቤት ከቤት በብዙ ነገር ይለያያል። ቢሆንም እንቅልፉን ያልጠገበ ልጅ ሒሳብ ሲከብደው ሊገርመን አይገባም።

ደረጃ 2፦ አዋቂዎቹ አስቀድመው ይስማሙ

ልጁ ከመስማቱ በፊት በቤቱ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ አንድ ቃል መያዝ አለባቸው። እናት የከለከለችውን አባት «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ከፈቀደ ነገሩ በሁለተኛው ቀን ያበቃለታል። ስለዚህ ባልና ሚስት ልጆቹ በሌሉበት ይነጋገሩ፤ የልዩ ፈቃድ ቀናትም ካሉ (የዋንጫ ጨዋታ፣ የበዓል ዋዜማ) አሁኑኑ ይወስኑ። በየማታው የሚወሰን ልዩ ፈቃድ በየማታው ጭቅጭቅ ይወልዳል።

ከወላጆች ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእነሱ በላይ፣ ወሳኟ ሰው ልጁ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ወላጆች ከሥራና ከትራፊክ መጨናነቁ ወጥተው ቤት እስኪገቡ አብራው የምትውለው ናት። ሞግዚቷ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ ማታ የምታርፍበት አንዱ ነገር ድራማዋ ነው። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የሚታየው በዝቷል። «አታብሪ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ የለውም፤ አይጸናምም። ድራማዋ በድጋሚ የሚታይበትን የቀን ሰዓት ፈልገው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ እንድታይ ጊዜውን ይስጧት። ከዚያ «ከማታው አንድ ሰዓት በኋላ ለልጆቹ ስንል እናጠፋለን፤ ያንቺ ሰዓት ደግሞ ይኼ ነው» ብለው በግልጽ ይንገሯት። ሰው የራሱ ጊዜ ሲከበርለት የሌላውን ያከብራል።

አያት ካሉ በአክብሮት ማስረዳት ያስፈልጋል። «እማዬ፣ ልጁ ጠዋት ጠዋት አልነሣ እያለ ተቸግረናል፤ ሲተኛ ቴሌቪዥን ባይኖር ጥሩ ነው አሉን» ማለት «እማዬ፣ እያበላሹት ነው» ከማለት ፈጽሞ የተለየ መልስ ያመጣል። ልጁ ከአያቱ ጋር የሚተኛ ከሆነ ጥያቄው ይከብዳል፤ የአያትየው ክፍል ለእሱ መኝታው ነውና። እዚህ ላይ የምመክረው ቴሌቪዥኑ ወደ ሳሎን ወጥቶ አያት የሚመቻቸው ወንበር ፊት ለፊቱ እንዲቀመጥላቸው ነው። ምሽታቸውን በቤተሰቡ መካከል ካሳለፉ ዕቃ የተወሰደባቸው አይመስላቸውም።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በአውሮፓ ከተሞችም የሚኖሩ ወገኖቻችን ሌላ ምክንያት ያነሣሉ። አንዳቸው የሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ሌላኛቸው ሲወጡ ልጁን የሚያቆየው ቴሌቪዥኑ ነው። ደግሞም «የአማርኛ ቻናል ክፍሉ ውስጥ ከፍተንለት ቢያንስ ቋንቋውን አይረሳም» ይላሉ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ቋንቋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአፍ ይጠፋል። ግን ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ሲመልስና ሲመለስለት ነው። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአዋቂ የተሠራ ፕሮግራም ከበስተጀርባ ተከፍቶ ሲቀመጥ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያሉ ሕፃናት እምብዛም ባያዩትም ጨዋታቸው ይቆራረጥ ነበር፤ ተከታዩ ሥራ ደግሞ ወላጆቹ ራሳቸው ከልጆቹ ጋር የሚያወሩት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ አማርኛው በቴሌቪዥን ይመጣ ከተባለ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ፣ አብረው ተቀምጠው ይሁን። አንድ ክፍል አይታችሁ ስላያችሁት ሃያ ደቂቃ ብታወሩ፣ ብቻውን ሌሊቱን ከሚሰማው ሁሉ የበለጠ አማርኛ ያገኛል።

ደረጃ 3፦ ቀን መርጠው ያውጡት

በቁጣ ቀን አያውጡት። ልጁ ፈተና ወድቆ፣ ወይም ወንድሙን መትቶ፣ በዚያው ማታ ቴሌቪዥኑ ከተነቀለ ለዘላለም የሚያስታውሰው ቅጣቱን ነው፤ ጥሩ ልጅ ስሆን ይመለስልኛል ብሎም ይጠብቃል። ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ልጁ አዲሱን የመኝታ ሰዓት ለምዶት ይቆያል። ያ ካለፈ የሴሚስተር ዕረፍቱን ይጠቀሙ።

ከሦስት ወይም አራት ቀን በፊት ይንገሩት። ለ5 ዓመት ልጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ይገባል። ካርቱንህን እዚያ አብረን እናየዋለን።» ማብራሪያ ሲረዝም ለድርድር በር የተከፈተ ይመስለዋል። ለ12 ወይም 13 ዓመት ልጅ ግን የመዘገቡትን ወረቀት አውጥተው ያሳዩት፤ ሒሳቡን እሱ ራሱ ይሥራው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ክፍሉ ሲነካበት ክብሩ የተነካ ያህል ይሰማዋል፤ ስለዚህ በዕቃው ፋንታ የሚያገኘው ነገር ይኑር። በሩን ሲዘጋ አንኳኩተው እንደሚገቡ ቃል ይግቡለት፤ ጓደኞቹ ቅዳሜ ሳሎኑን ለጨዋታ እንዲይዙት ይፍቀዱ። ቴሌቪዥኑ አጎቱ ከውጭ የላከለት ስጦታ ከሆነ ሳያማክሩት እንዳይሸጡት፤ የእሱ እንደሆነ እንዲቀጥል፣ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ እንደተቀየረ ይንገሩት።

ሥራውን በቀን ብርሃን፣ ለሁለት አዋቂ ሆነው ይሥሩት። መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ከዚያ የዲሹን ገመድና ሪሲቨሩን ያውጡ፤ ከግድግዳው የሚወርደው ቴሌቪዥኑ መጨረሻ ነው። ገመዱን አይተዉት፤ ገመድ ካለ አሮጌ ቴሌቪዥን አንድ ቀን ይመጣል። ማንጠልጠያውንም ይፍቱ፣ ቀዳዳውን ይድፈኑ፤ በቦታው የመጽሐፍ መደርደሪያ ወይም ልጁ ራሱ የሣለውን ሥዕል ይስቀሉ።

እግረ መንገዴን አንድ አደጋ ላንሣ። በልጆች ክፍል ያለ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ቁም ሳጥን ወይም መሳቢያ ላይ ነው። ትንሽ ልጅ ለመድረስ መሳቢያዎቹን እየሳበ እንደ መሰላል ሲወጣባቸው ሁሉም አብሮ ይገለበጣል፤ በዚህ የሚሞቱ ሕፃናት አሉ። ወደ ሳሎን የሚሄደውንም ቴሌቪዥን በግድግዳ ላይ አጥብቀው ይስቀሉት፣ ወይም ሰፊና ዝቅተኛ ቡፌ ላይ አድርገው ከኋላ በማሰሪያ ይሰሩት። ሪሞትና መጫወቻ ከቴሌቪዥኑ በላይ አይቀመጥ።

ደረጃ 4፦ አልጋው ሳሎን ውስጥ ከሆነ

የሐኪሞቹ ምክር የተጻፈው ልጁ የራሱ ክፍል ላለበት ቤት ነው። ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ወይም በግቢ ተከራይቶ አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ጥያቄው ተገልብጦ ይመጣበታል። ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት አልገባም፤ ፍራሹ ቴሌቪዥኑ ያለበት ክፍል ተነጠፈ እንጂ። ልጆቹ ሶፋ ላይ ይተኛሉ፣ ወይም እንግዳ ሲሸኝ ፍራሽ ይዘረጋላቸዋል፤ አዋቂዎቹ ደግሞ እራት በልተው እዚያው ያመሻሉ። በአገራችን ከተሞች ብዙው ልጅ ከስክሪን ጋር የሚያድረው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ ማንም ለልጄ ቴሌቪዥን ገዛሁለት ብሎ ሳያስብ።

አንዱ መፍትሔ ክፍል መለዋወጥ ነው። መኝታ ቤቱ ለልጆቹ ይሁን፤ ወላጆች የሚዘረጋ ሶፋ ገዝተው ሳሎን ይተኙ። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይከብዳቸዋል፤ ባልና ሚስት የራሳቸው በር ማጣታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ልጆቹ ትምህርት ቤት የደረሱ ከሆነና ወላጆች አምሽተው የሚተኙ ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አንድ በር ተዘግቶ ብርሃኑም ድምፁም ይቀርላቸዋል።

ሁለተኛው ቴሌቪዥኑን ወደ ወላጆች ክፍል ማስገባት ነው። ማታ ማታ ሳሎኑ ጨልሞ ጸጥ ይላል። ጉዳቱ ቀን ነው፤ ልጆቹ ካርቱን ለማየት ወላጆች አልጋ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በሩ ከተዘጋ ሳሎን በመሆኑ ያገኘነው የጋራ ዓይን ይጠፋል። ይህን የመረጠ ቤተሰብ ቴሌቪዥኑ ሲበራ የክፍሉ በር ክፍት እንዲሆን ሕግ ያውጣ።

ሁለቱም የማይሆንባት አንድ ክፍል ቤት አለች፤ በዚያ የሚኖሩ ወላጆችም ለልጃቸው እንቅልፍ ማድረግ የሚችሉት ብዙ ነው። ልጁ የሚተኛበትን ጥግ ከጣሪያ እስከ ወለል በሚደርስ ወፍራም መጋረጃ ይከልሉ፤ ስስ መጋረጃ ብርሃን አያስቀርም። ፍራሹን ራስጌው ከቴሌቪዥኑ ዞሮ እንዲሆን አድርገው ያንጥፉ። ከሁሉም በላይ ግን ልጁ እስኪተኛ ቴሌቪዥኑ ለሁሉም ሰው ይጥፋ። ልጅ ሳይረብሹት ቢተዉት ብዙውን ጊዜ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይተኛል፤ እንቅልፉ ከጠነከረ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወይም ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ማየት ይቻላል። የሁለት ሰዓት ዜናው ቢያመልጥ በሬዲዮ ወይም በስልክ በኋላ ይደረስበታል።

ዜናን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። መጋረጃ ጀርባ የተጋደመ ልጅ ተኝቷል ብለን እንረሳዋለን። በእነዚህ ዓመታት ማታ ማታ ስለ ጦርነት፣ ስለ ተፈናቃይ፣ ስለ ሟች ብዙ ሰምተናል፤ ልጆቻችንም በጨለማ ውስጥ፣ ሥዕሉን ሳያዩ፣ ቃሉን ብቻ ሰምተዋል። ሥዕሉን የሚሞላው የራሳቸው ሐሳብ ነው፤ የሚጠይቁትም ሰው አጠገባቸው የለም። ከመተኛቱ በፊት «ዛሬ የሰማኸው የሚያስፈራ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይወስድም። መልስ ቢመጣ ግን ቁጭ ብለው ይስሙት።

ደረጃ 5፦ ባዶ የሆነውን ሰዓት ይሙሉ

መብራት የጠፋበትን ማታ ያስታውሱ። ራት በሻማ ተበልቶ፣ ትንሽ ተጫውተው፣ ልጆቹ ሳይለመኑ በጊዜ ይተኛሉ። ማታው ራሱ እንቅልፍ ያመጣል፤ የእኛ ድርሻ ማታን ማታ እንዲመስል ማድረግ ነው።

ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያስኪዱት። የቤት ሥራ ከዚያ በፊት ያልቅ፤ ራትም ቀደም ይበል። ከዚያ እግር መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ የነገውን ቦርሳና ዩኒፎርም ማዘጋጀት፣ ለሚጸልይ ቤተሰብ ጸሎት። ከዚያ ተረት። ተረት የማያውቅ ወላጅ የለም፤ የረሳ ነው ያለው። ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ካልመጣልዎ እርስዎ በልጅነትዎ ወንዝ ወርደው የሠሩትን፣ አባትዎ የገሠጹዎትን ቀን ይንገሩት፤ ልጆች ስለ ወላጆቻቸው ልጅነት መስማት አይሰለቻቸውም። ማንበብ የጀመረ ልጅ ለታናሹ ያንብብ። የክፍሉ መብራት በዚህ ሰዓት አንድ ብቻ፣ ደብዘዝ ያለ ይሁን።

ደክሞዎት መናገር ካቃተዎ በድምፅ የተቀዳ ተረት መክፈት ይቻላል፤ ስልኩ ግን ስክሪኑ ወደ ታች ተደፍቶ ከአልጋው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ ሳሎን የገባውን ቴሌቪዥን ያስተካክሉ

ይህ አጭር ሥራ ነው። የሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ቻናል በምስጢር ቁጥር የሚቆለፍበት ቦታ አለ፤ ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ቁጥር ብዙውን ጊዜ 0000 ወይም 1234 ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ፤ ልጆቹ ያውቁታል። ዲኤስቲቪም በምስጢር ቁጥር መቆለፍ ያስችላል። ስማርት ቲቪ ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረውን ምርጫ ያጥፉ፤ ኔትፍሊክስም ላይ እንዲሁ። ልጅን ከስክሪን ማላቀቅ የሚያከብደው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሳይጠየቅ መጀመሩ ነው። ካርቱኑ አልቆ ስክሪኑ ዝም ሲል «በቃ» ማለት ይቀላል። አብዛኛው ቴሌቪዥን በተወሰነ ሰዓት ራሱን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያም አለው። ለማታው 1 ሰዓት ይሙሉት፤ ያጠፋው ሰዓቱ እንጂ እናቱ አይደለችም።

ስለ መጠኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጭራሽ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጡ ይመክራል። ኳስ ለሚወድ ልጅ ከቅዳሜ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች መካከል በእኛ ሰዓት ከቀትር በኋላ የሚጀምሩት ከመኝታው ጋር አይጋጩም፤ አባትና ልጅ አብረው የሚያዩትን ከእነዚያ ይምረጡ።

ደረጃ 7፦ ስልኩን አይርሱ

ቴሌቪዥኑ ወጥቶ ስልክ ብርድ ልብስ ሥር ከገባ የተለፋው ሁሉ ከንቱ ነው። ስልክ ይብሳል፤ ለዓይን ይቀርባል፣ ድምፁ አይሰማም፣ በሌሊትም መልእክት ይቀሰቅሳል። የቤቱ ስልክና ታብሌት ሁሉ ማታ ሳሎን ወይም ኩሽና ባለ አንድ ዲቫይደር ላይ ቻርጅ ይደረግ፤ የወላጆችም ጭምር። «ማንቂያው ስልኬ ነው» የሚል ትልቅ ልጅ ካለ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙለት። ልጆቹ ሳሎን የሚተኙ ከሆነ ዲቫይደሩ ኩሽና ወይም ወላጆች ክፍል ይሁን።

የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። ትንሹ ያለቅሳል፣ ትልቁ ያኮርፋል፣ እንቅልፍም ቶሎ አይመጣም፤ በቴሌቪዥን ድምፅ መተኛት የለመደ ጆሮ ጸጥታው ይረብሸዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉለት፤ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ሲታጠብ መስማቱ ያረጋጋዋል። የመኝታ ሰዓቱን በአንዴ በሁለት ሰዓት አይሳቡት፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት እያስቀደሙ ይሂዱ። ቅዳሜና እሑድም ከአንድ ሰዓት በላይ አያራዝሙት፤ አለዚያ ሰኞ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ክረምት ሲመጣ ሰዓቱ ላላ ቢል ችግር የለውም፤ ቴሌቪዥኑ ግን ወደ ክፍሉ አይመለስ።

ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላም ልጁ በጊዜ ተጋድሞ እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ወይም በቂ ሰዓት ተኝቶ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ይፈልጉ። ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ ቆም ብሎ በድንገት መቀጠሉ፣ አፍን ከፍቶ መተኛት የቶንሲል ወይም የአፍንጫ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲያንኮራፋ አንድ ደቂቃ በስልክዎ ይቅዱት፤ የተኛበትንና የተነሣበትን ሰዓት የጻፉበትን ወረቀትም ይዘው ወደ ሕፃናት ሐኪም ይሂዱ።